ጅማ ያላችሁ የማውንቴን ባይክ ሰዎች፣ ሳይክላችሁን ከነዕቃው አሳዩን፣ የኔን ልጀምር

የጅሬን_ዳገት

ሰላም ቤተሰብ፣ አካም ጅርቱ። ጅማ ውስጥ ማውንቴን ባይክ የምንነዳ ሰዎች እንዳለን መንገድ ላይ እንተያያለን፣ እጅ እንነሳሳለን ግን ማን ምን እንደገጠመ፣ ምን እንደተመቸው ምን እንዳስቸገረው ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። እኔ ልጀምርና እናንተም ፎቶ ከነዕቃው ለጥፉልን፣ መጨረሻ ላይ ደሞ አንድ ጥያቄ አለችኝ።

ፍሬሙ አሉሚኒየም 18 ኢንች፣ ቸርኬው 26 ነው። አዲስ አበባ ያገለገለ ገዝቼ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ነው የመጣው፣ ጊቤ በረሃን ስንወርድ ከላይ የሆነ ነገር ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ሳይክሌ ነው እያልኩ ሆዴ እየተገላበጠ ነበር የመጣሁት። ጅማ ሲወርድ ግን የኋላ ዲሬለሩ (ማርሽ ሲቀየር ካቴናውን የሚያዘዋውረው) ማንጠልጠያ ትንሽ ከመጣመሙ በቀር ምንም አልሆነም፣ አልሀምዱሊላህ።

ማርሹ ፊት 3 ኋላ 8 ነው፣ ክራንኩ (የፊቶቹ ጥርስ ብዛት) 22-32-42፣ ካሴቱ (የኋላው ጥርስ ስብስብ) ሺማኖ 11-34፣ የኋላ ዲሬለሩ የሺማኖው አልተስ። ፎርኩ ሰንቱር ኤክስሲኤም ባለ 100 ሚሊ ነው፣ በሞላ ነው የሚሰራው፣ ከበድ ይላል ግን ፈትቼ ካጸዳሁትና ግራሶ ካደረግኩለት በኋላ ለስልሶ ነው የሚወርደው፣ የቦዬ ሜዳ ላይ ጉብታው አይሰማኝም። ጎማ 26 በ 2.1። በጣም የምወድለት ግን ፍሬኑን ነው፣ በፊት የሽቦ ዲስክ ነበር አሁን ሺማኖ ኤምቲ200 ሃይድሮሊክ ገጥሜለታለሁ፣ በአንድ ጣት ነው የሚይዘው ወላሂ።

ስለ ፍሬኑ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ተጠንቀቁ። መጀመሪያ አካባቢ አየር ገባበትና አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ የመኪና ፍሬን ዘይት ሞልተው ሰጡኝ። የሺማኖ ፍሬን የሚፈልገው ሚነራል ኦይል ነው፣ ዶት የሚባለው የመኪናው ዘይት ሌላ ነገር ነው፣ ውስጡ ያለውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እጀታውን ስጨብጠው አልመለስ አለኝ፣ የፊቱን ሙሉ በሙሉ ጥዬ ሌላ ነው የገዛሁት። ማንም ሰው ዘይት ሊሞላላችሁ ሲል ጠርሙሱን አሳየኝ በሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ያ ቀይ ጭቃ የፊት ዲሬለሩ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ልወጣ ዳገቱ ጋ ስደርስ ከ32 ወደ 22 ስቀንስ ካቴናው ከጥርሱ አልላቀቅ ብሎ አብሮ ይዞርና ፍሬሙ ጋር ይቀረቀራል፣ ወርጄ በእጄ ነው የማወጣው። ሶስቱንም አውልቄ ፊት አንድ ባለ 32 ብቻ ላድርግ ወይ? ዩቲዩብ ላይ የማየው ሳይክል ሁሉ ዋን ባይ ሆኗል። ያደረጋችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።


ሄርማታ_29

ኦቦሌሳኮ ማሻአላህ፣ ንጽህናው ራሱ ደስ ይላል፣ ሰው 26ን ንቆ ጥሎታል አንተ ግን አክብረህ ይዘኸዋል።

የኔ 29 ነው፣ ፍሬሙን አዲስ አበባ አገኘሁት፣ የቀረውን ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። ማርሹ የሺማኖ ዲዮር ኤም6100 ነው፣ በ2020 የወጣው ባለ 12፣ ፊት 32 ኋላ 10-51። ፎርኩ ሮክሾክስ ጁዲ በአየር የሚሰራው፣ ጎማ 29 በ 2.25። ፎቶ ከስር አለ፣ ጭቃውን ሳላጥበው ነው ያነሳሁት፣ ትናንት አጋሮ መንገድ ነበርኩ።

ዋን ባይ ትወደዋለህ? በጣም ትወደዋለህ። የግራ እጅህ ስራ የለውም፣ የፊት ዲሬለር የለም፣ ጭቃ የሚጠቀጠቅበት ቦታ የለም፣ ዳገት መሀል ላይ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚሰራው። ግን ሳልደብቅህ ሌላውንም ልንገርህ። ያ 10-51 ካሴት በተራው ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ላይ አይገባም፣ ማይክሮ ስፕላይን የሚባል ሞዞ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ካሴት ስትቀይር ሞዞም ትቀይራለህ፣ የ12 ካቴናም ሌላ ነው። እኔ ሰቃ መንገድ ላይ ካቴናው ተበጠሰብኝና መለዋወጫ ማያያዣ አልያዝኩም፣ ፀሐይ ላይ እየገፋሁ ስሄድ አይሱዙ አግኝቼ ነው ከተማ የገባሁት፣ ከዚያ ጅማን በሙሉ አዞርኩ፣ የ7ና የ8 ካቴና ሞልቷል የ12 ግን የለም። ከአዲስ እስኪላክልኝ ዘጠኝ ቀን ሳይክሉ ቆመ። አሁን ሁለት ማያያዣ ከኮርቻው ስር በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስሬ ነው የምሄደው።

ስለዚህ ዕቃ የሚያመጣልህ ሰው ካለህ ግባበት። ከሌለህ ደሞ አስብበት።


መምህርት_በሳይክል

ሰላም ለሁላችሁ። የኔን ከፎቶው እንደምታዩት ትንሽዬ ናት፣ 15 ኢንች ፍሬም፣ ቸርኬ 26፣ ማርሿ ፊት 3 ኋላ 7 የሺማኖ ቱርኒ፣ ፍሬኑ ዲስክ አይደለም ቪ ብሬክ ነው። ከቆጪ ተነስቼ በየቀኑ ትምህርት ቤት በሷ ነው የምሄደው፣ ቅዳሜ ደሞ ቤተ መንግስቱ ያለበት ጅሬን። እኔ የቀየርኩላት መሪውና ኮርቻው ብቻ ነው፣ ስቴሙ (መሪውን የሚይዘው አንገት) ረጅም ስለነበር በ50 ሚሊ ቀየርኩትና የትከሻ ህመሜ ጠፋ። ሴቶች ሳይክል ስትገዙ ከማርሹ በፊት ፍሬሙ ላይ ቁሙበት፣ እኛን ሁልጊዜ የወንድ ቁመት ነው የሚሸጡልን።

የጅሬን ዳገት፣ የሂሳብ አስተማሪ ነኝና ጥያቄህን በቁጥር ልመልስልህ። የፊቱን ጥርስ ለኋላው ትልቁ ጥርስ አካፍለው፣ ከዚያ በቸርኬው ኢንች አባዛው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይቀላል።

ያንተ አሁን፣ 22 ለ34 ሲካፈል በ26 ሲባዛ 16.8 ነው። ፊት 32 ብቻ አድርገህ ያንኑ 11-34 ካሴት ብትተወው 24.5 ይሆናል። ይሄ ማለት እዛ ዳገት ላይ አሁን ከምትገፋው አንድ ተኩል እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም፣ እግርህ ያውቀዋል። የሄርማታ ዲዮር 32 ለ51 በ29 ሲባዛ 18.2 ይመጣል። የኔዋ ቱርኒ 24 ለ34 በ26፣ 18.4። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ሳይክል ዳገት ላይ በጣም ቀላሉ ማርሽ ያለው ያንተ አሮጌው ነው። ቸርኬውን ሳይቆጥሩ ጥርሱን ብቻ የሚያወዳድሩ ሰዎች ናቸው ሰውን የሚያሳስቱት፣ 29 ቸርኬ አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ብዙ ጉልበት ነው የሚፈልገው።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሰዎች ዋን ባይ ሲሉ ኋላ 51 ይዘው ነው። አንተ 34 ይዘህ አታድርገው።

የኔዋ ችግር ሌላ ነው፣ ፍሪዊሏ ከ24 በአንዴ ወደ 34 ነው የምትዘለው፣ መሀሉ ባዶ ነው፣ ወይ ይከብደኛል ወይ እግሬ ባዶ ይዞራል። ደሞ የኋላው ፐርኖ (የቸርኬው መሀል ዘንግ) በአንድ ዓመት ሁለቴ ተጣመመብኝ፣ እኔ 54 ኪሎ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ?


ፒንሳ_እና_ግራሶ

ልጆች እንደምን አላችሁ። እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል ሳይክል ስጠግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ያሳየኝ ልጄ ነው፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ነው የሚጽፈው።

መጀመሪያ ለመምህርቷ። ልጄ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ፍሪዊል የሚባለው ሞዞው ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዘው ነው፣ ኩሽኔታው ከፍሪዊሉ ወደ ውስጥ ስለሚቀር በቀኝ በኩል ፐርኖው ረጅም ሆኖ ያለ ድጋፍ ነው የሚቀረው። ጉድጓድ ሲመታ እዛ ጋ ይጣመማል። ካሴት የሚቀበለው ሞዞ ላይ ግን የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ዳር ወጥቶ ነው ያለው፣ ስለዚህ ይሸከማል። ዋናው ልዩነታቸው ይሄ ነው፣ ሰው ግን የማርሽ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ገንዘብ ስታገኚ የኋላ ቸርኬሽን ካሴት በሚቀበል ቀይሪው፣ ባለ 8 11-34 ታደርጊና ያ ባዶ መሀልም ይሞላልሻል። የ8 ቀያሪ እጀታ መጨመር ግን አለብሽ።

አሁን ካቴናው ለሚቀረቀርበት ልጅ። ጭቃው ብቻ አይመስለኝም። ጥርሱ የተበላ ነው። ማስመሪያ ያዝ፣ ኢንች ያለበትን በኩል፣ ካቴናውን ወጥረህ ከአንዱ ፒን መሀል ጀምረህ ለካ፣ 12 ኢንች ላይ ሌላ ፒን ልክ መሀሉ መዋል አለበት። የአንድ ኢንች 1/16 ካለፈ ካቴናውን ቀይር። 1/8 ካለፈ ካሴቱንም በልቶታል፣ አዲስ ካቴና ብታደርግ ይዘላል። ፊት ያለውን 22ና 32ም እይ፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ከሆነ ካቴናውን አልለቅም የሚለው እሱ ነው፣ ጭቃው የሚያባብሰው ነው እንጂ።

እኔ ብሆን 42ቱን ብቻ አወጣለሁ። ጅማ ውስጥ 42 የት ነው የምትነዳው፣ አጋሮ አስፋልት ላይ ካልሆነ። እሱን አውጥተህ ካቴናውን ትንሽ ታሳጥረዋለህ፣ የፊት ዲሬለሩን ብሎን ከ32 እንዳያልፍ ታጠብቀዋለህ፣ 22ህም ትቀራለች። ወጪው የአንድ ካቴናና የሁለት ጥርስ ነው።

ደሞ ስለ ፍሬኑ። ሃይድሮሊኩ ጥሩ ነው ግን ሸራውን በየሳምንቱ እይ። አብሮት የሚመጣው ሬዚን የሚባለው ነው፣ ከቤተ መንግስቱ ቁልቁል በጭቃ ስትወርድ አሸዋው እንደ ሞረድ ነው የሚበላው፣ በበጋ ወራት የሚቆይ ሸራ በክረምት በጥቂት ቀን ብረቱ ድረስ ሲያልቅ አይቻለሁ። ብረት ያለበት ሸራ ይቆያል ብለህ ዝም ብለህ እንዳትገዛ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ መጀመሪያ አንብብ። ሬዚን ፓድ ኦንሊ (ሬዚን ሸራ ብቻ) የሚል ካለው ብረቱ ሸራ ዲስኩን ያበላሸዋል፣ ዲስኩንም አብረህ መቀየር አለብህ።

ሁላችሁንም የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፣ ሳይክላችሁን ላቫጆ ወስዳችሁ በፓምፕ አታስመቱት። ውሃው ሞዞና ክራንክ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል፣ ውጪው ያበራል ውስጡ ይዝጋል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል፣ ለካቴናው ትንሽ ናፍጣ በጨርቅ፣ ከዚያ አድርቆ ዘይት። ጎሚስታ ቤት ስትነፉም እንደ ባጃጅ ጎማ አስጠንክረው እንዳይነፉላችሁ፣ 60 ኪሎ ለሚሆን ሰው በጭቃ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃዋል፣ ከ25 በታች ግን ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል።

የኔን አሳዩ ስላላችሁ፣ ብረት ፍሬም ነው፣ ፎርኩ ሾክ የለውም፣ 3 በ 7፣ ጎማው ቀጭኑ 26 በ 1.95። ቀጭን ያደረግኩት ጭቃው በጎማውና በፍሬሙ መሀል እንዲያልፍ ነው። ልጄ 2.25 አድርጎ ክረምት ላይ ቸርኬው አልዞር ሲለው ተሸክሞ ይመጣል፣ እኔ ነድቼ እገባለሁ።


ሄርማታ_29

ጋሼ ስለ ጎማው እውነት ነው፣ የኔ 2.25 ቡና ማሳ ውስጥ ባለው መንገድ ላይ ቅጠልና ጭቃው አብሮ ተጠቅልሎ ፍሬሙ ጋር ይደርሳል፣ እንጨት ይዤ እየጎረጎርኩ ነው የምሄደው። መምህርት፣ 18.2 ያልሽው ደሞ አስገረመኝ፣ ዳገቱ ላይ ባለ 26ቱ ልጅ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እኔ ዚግዛግ የምሰራው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ሰነፍኩ ብዬ ነበር የማስበው።


የጅሬን_ዳገት

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ ጋለቶማ። ጋሼ ያሉኝን ማታውኑ ለካሁት፣ ከ12 ኢንች 1/8 በደንብ አልፏል፣ ሁለቴ ለካሁ። 32ቱን በስልክ መብራት ሳየው በአንድ በኩል ጎብጧል፣ እስከዛሬ እንዴት እንዳላየሁት። ፎቶውን ከስር አድርጌዋለሁ።

ስለዚህ ዋን ባዩን ትቼዋለሁ። ካቴና፣ ካሴት፣ 22ና 32 ልገዛ ነው፣ 42ቱ ይወጣል። ዲስኬንም አነበብኩት፣ ሬዚን ፓድ ኦንሊ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሬዚኑን ሁለት ጥንድ ገዝቼ አስቀምጣለሁ። መምህርት ቁጥሩን ባታሳዪኝ ኖሮ ያለ የሌለኝን አውጥቼ ዳገት የማይወጣ ሳይክል ልሰራ ነበር።

ጋሼ፣ 42ቱ ሲወጣ ብሎኖቹ ይረዝማሉ አይደል? አጫጭር ብሎን እርስዎ ጋ ይገኛል?


ፒንሳ_እና_ግራሶ

ይረዝማሉ፣ ልክ ነህ። 42ቱ የነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን ዋሸር ታደርግና በነበረው ብሎን ማሰር ትችላለህ። ሳይክሉን ይዘህ ና፣ ዋሸሩ እኔ ጋ አለ።


መምህርት_በሳይክል

ጋሼ እኔም የቸርኬውን ነገር ይዤ እመጣለሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት ክፍል የለኝም።


ሄርማታ_29

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ፈረንጅ አራዳ እንገናኝና ጅሬንን አብረን እንውጣ፣ ዝናቡ ሳይመጣ እንመለሳለን። የ8 ካቴና ማያያዣ ያለው ሰው አንድ ይያዝ፣ የ12ቱን እኔ ይዣለሁ።