ፊታውራሪ መሸሻ ግብዝ ናቸው ወይስ ጨካኝ ብቻ?

ጠያቂ፦ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ስለ ግብዝነት ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነው። እኔ አልስማማም። ሰውዬው ጨካኝ ናቸው፣ ትዕቢተኛም ናቸው። ግብዝ ግን አንዱን እያመነ ሌላውን የሚያወራ ነው። እሳቸው የሚያወሩትን ያምናሉ። አጥንት ይቆጥራሉ፤ መቁጠራቸውንም አይደብቁም። ሰብለ ወንጌልን የጠየቀውን ሁሉ በዘር አንሷል እያሉ ሲመልሱ፣ የገዛ ልጃቸው ዕድሜ እያለፈ መሆኑ እንኳ አይታያቸውም። እኔን የሚከብደኝ ጉዱ ካሳ ነው። መኳንንቱን እንደልቡ የሚዘልፈው የፊታውራሪ ዘመድ ስለሆነ ነው። ግማሹን አንድ ጭሰኛ ቢናገረው ጀርባው ይተለተል ነበር። የሚያወግዘው አጥንት ራሱ ከለላ ሆኖታል።

መላሽ፦ ቆይ እስቲ፣ ታዲያ ምን ያድርግ? ዘሩን መርጦ አልተወለደ። ግብዝ የሚሆነውማ ዝም ብሎ ቢበላ ነበር። ተናገረ፣ እብድ ተባለ፣ «ጉዱ» የሚል ስም ወጣለት። የሰብለ አስተማሪና ፍቅረኛ የሆነው በዛብህ ከፊታውራሪ ቁጣ እንዲያመልጥ የረዳውም እሱ ነው። መጨረሻ ላይ የተቀበረው ከነሰብለ ጋር ነው እንጂ ከዘመዶቹ ጋር አይደለም። ከዚህ በላይ ምን ይክፈል?

ፊታውራሪን ግን በቀላሉ አትልቀቃቸው። ክርስቲያን ነኝ ይላሉ። ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን ሲባል እየሰሙ ነው ያረጁት። ባላገሩ ከደንቡ በላይ አንገብርም ሲል ግን ጦር አስከትለው ዘመቱበት። የባላገሩ መሪ አበጀ በለው ባይማርካቸው ኖሮ የት ይቆሙ ነበር? ይሄ አለማወቅ አይደለም። እያወቁ መተው ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም የበዛብህን ወላጆች ዘለላችኋቸው። ቦጋለና ውድነሽ ልጁ እንዲያድግላቸው ተሳሉ፣ ሳያገባ እንዲያገለግል ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ስለቱን የተሳሉት እነሱ፣ የሚከፍለው ግን እሱ! ደግ ክርስቲያን ተብለው የሚመሰገኑትም እነሱ ናቸው። ልጁ ሰብለን ሲወድ ራሱን እንደ ወንጀለኛ ነው የሚያየው፤ በአፉ ቃል ያልገባበትን ነገር። እኔን ከፊታውራሪ ጅራፍ ይልቅ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጅራፉን ሁሉም ሰው ክፋት ነው ይለዋል። ይሄን ግን ማንም ደፍሮ አይነካውም።

ጠያቂ፦ ውድነሽን እንኳ ግብዝ ልላት አልችልም። ያለችው አንድ ልጅ ነው፤ እሱን እንዳታጣ ፈርታ ነው የተሳለችው። ከጉያዋ ነጥላ ስትሰጠውም እሷም ከፍላለች። አንቺ ትያታለሽ?

ሌላ ተሳታፊ፦ የተሳለችበትን ቀን አልልም። የፈራች እናት ላይ አልፈርድም። ግን ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ «ይሄን ሕይወት አልፈልግም» ቢላት ትሰማው ነበር? እሱን መልስልኝ።