ድንገተኛ ክፍል ከኋላችን የመጣ ሁሉ ቀድሞን ገባ፣ ንቀት ነው ወይስ አሠራር?

ሌሊት_ያነጋሁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት እናቴን ድንገት ሆዷን አመማት። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር ነው፣ እስከ ጀርባዋ ይሰማታል፣ ያስመልሳታልም። ይዣት ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በረርኩ። እንደደረስን አንዲት ነርስ ግፊቷንና ሙቀቷን ለካች፣ ጣቷ ላይ ያቺን የኦክስጅን መለኪያ ሰካችላት፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀችና እጇ ላይ ቢጫ ነገር አስራላት “ስማችሁ ሲጠራ ትገባላችሁ” አለችን። አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። እኔም ፍጥነታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አምስት ሰዓት ተቀመጥን። አምስት! እናቴ ወንበር ላይ እጥፍ ብላ ታቃስታለች፣ ከእኛ በኋላ የመጣው ሁሉ እያለፈን ይገባል። አንዱማ በገዛ እግሩ እየተራመደ የመጣ ጎልማሳ ነው፣ ደረቱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ትንሽ አልቦታል፣ በቃ። ወንበር እንኳን ሳይነካ ወሰዱት። ደሜ ፈላ። ማስታገሻ ስጧት ብል “መጀመሪያ ሐኪም ይያት”፣ ውሃ ጠማት ብል “ምንም እንዳትቀምስ”። ሊነጋጋ ሲል ገባች፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ የሐሞት ጠጠር ተባለ። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፣ ንቀት ነው ወይስ አሠራሩ ነው? ሌላ ጊዜ ቢያጋጥመኝስ ምን ላድርግ?

ተረኛዋ፦

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን ማረልሽ። እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል መግቢያው ላይ ነው፣ ማለትም ሰው ሁሉ የሚረግመኝ ቦታ። ያቺ የአምስት ደቂቃዋ ነገር ትሪያጅ ትባላለች። ወረፋው በመጣችሁበት ሰዓት አይደለም፣ “ይህ ሰው ቢቆይ ምን ይሆናል?” በሚለው ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት የማንቸስተር ዘዴ አምስት ቀለም አለው። ቀይ ወዲያውኑ ይታያል፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240። ሌሎች ዘዴዎች ቀለሙንም ደቂቃውንም ይለዋውጡታል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ደረቱን የያዘው ሰውዬ ላይ አትፍረጂ። ደረቴን ያለና ያላበው ሰው በመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሥቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በእግሩ መምጣቱ ምንም ማለት አይደለም። በእግራቸው ገብተው “ይቅርታ፣ ትንሽ ከበደኝ” ብለውኝ ከደቂቃዎች በኋላ ልባቸው የቆመ ሰዎች አይቻለሁ። የሚጮኸው ቢያንስ እየተነፈሰ ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።

ውሃ የተከለከለችው ቀዶ ጥገና ሊያስፈልጋት ስለሚችል ነው። በማደንዘዣ ሰዓት ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ወደ ሳንባ ከገባ አደጋ ነው። ማስታገሻው ላይ ግን ከአንቺ ጋር ነኝ። ድሮ “ማስታገሻ ከተሰጠ ምልክቱ ይደበቃል” ይባል ነበር። አሁን ሕመሙን ማስታገስ ምርመራውን እንደማያበላሽ ይታወቃል፣ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ቢጫ ሆና አምስት ሰዓት መቀመጧም ልክ አይደለም፣ አልዋሽሽም።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከውጭ የማይታየው ነው። ሰው “ሐኪም የለም” ይላል። ሐኪሙ አለ፣ የሌለው አልጋ ነው። ውስጥ ያሉት ታይተው፣ ተኝተው ይታከሙ ተብሎ ተወስኖላቸው፣ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ላይ አልጋ ስላልተለቀቀ እዚያው ድንገተኛ ክፍል ያድራሉ። እነሱ ካልወጡ አንቺ የት ትገቢያለሽ?

ቀጥተኛው፦

ማብራሪያው ጥሩ ነው። ግን ያን ሌሊት አንድ ሰው ይህንኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግራት ኖሮ እዚህ መጥታ ትጠይቅ ነበር? ሰውን የሚያበግነው መጠበቁ አይደለም፣ “ረስተውኛል” ብሎ ማሰቡ ነው። እኔ በበኩሌ ጩኸት ይሠራል ባይ ነኝ። ካልጮህክ የሚሰማህ የለም።

አስታማሚ_ቁጥር1፦

ወንድሜ፣ ጩኸት የሚያመጣው ጥበቃውን ነው፣ ሐኪሙን አይደለም። ሞክሬው ነው የምልህ።

እኔ ቤተሰቡ ሁሉ ሲታመም የሚጠራው ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። ከሁሉም የማይረሳኝ የአባቴ ነው። ጠዋት ሲነሣ አፉ ተጣሞ፣ አንድ እጁ አልታዘዝ ብሎት አገኘነው። ሆስፒታል እንደደረስን “መቼ ጀመረው?” ሲሉን “ጠዋት ሲነሣ” አልን። ሐኪሙ ደግሞ “አይደለም፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት መቼ ነው?” እያለ ይመላለስብናል፣ እኛ እርስ በርስ እንጨቃጨቃለን፣ አንዱ ማታ እራት ላይ ይላል፣ ሌላው አይ ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ሰምቼዋለሁ ይላል፣ ስድስት ሰው ስድስት መልስ። ለካ ስትሮክ ነው፣ አንጎል ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየባት ሰዓት አንሥቶ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፣ ያውም በሲቲ ስካን ደም መፍሰስ አለመሆኑ ከታየ በኋላ። የሚቆጠረው የነቃበት ሰዓት አይደለም። ለእኛ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው ውጭ ይጠብቃል። አሥር ዘመድ በር ላይ ተኮልኩሎ ማልቀስ ለማንም አልጠቀመም፣ ቃሬዛ ከማሰናከል በቀር። የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ እይዛለሁ። በተለይ የስኳርና የደም ማቅጠኛ ከሆነ ሳይጠይቁኝ እናገራለሁ። የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ላይም ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም፣ የሚረሳው ያኔ ነው። አዲሷን ነርስ “እኛ እዚህ ነን፣ የደም ውጤት እየጠበቅን ነው” እላታለሁ፣ በቃ።

ደግሞ ለደረት ሕመም የሄዳችሁ፣ የመጀመሪያው ደም ንጹሕ ነው ተብላችሁ ተነሥታችሁ እንዳትሄዱ። ከሰዓታት በኋላ ድጋሚ የሚወስዱት የልብ ጡንቻ ከተጎዳ ምልክቱ ደም ውስጥ የሚታየው ቆይቶ ስለሆነ ነው። የስልክ ቻርጀር አትርሱ።

ሌሊት_ያነጋሁ፦

እሺ፣ ያ ሰውዬ ላይ በሆዴ የተናገርኩትን መልሻለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። እየባሰባት ከሆነ ምን ብዬ ነው የምናገረው? “ባሰባት” ስል “እሺ” ብለው ያልፉኛል እኮ።

ተረኛዋ፦

“ባሰባት” ሁሉም ሰው የሚለው ነው፣ ጆሯችን ለምዶታል። የተለወጠውን ንገሪኝ። “ስንመጣ ታወራኝ ነበር፣ አሁን ስጠራት ቶሎ አትመልስልኝም።” “ሆዷ ለስላሳ ነበር፣ አሁን እንደ ጣውላ ደርቋል።” “ቀዝቃዛ ላብ አላባት።” “ትንፋሿ ፈጠነ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት።” እንዲህ ስትዪኝ ተነሥቼ እመጣለሁ። “ድጋሚ ለኪልኝ” ማለትም መብትሽ ነው፣ ቀለሙ አንዴ ተሰጠ ማለት እስከ መጨረሻ ጸና ማለት አይደለም፣ ቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል። እኔ ከሌለሁ ነጭ ጋዋን የለበሰ ማንንም ያዢ።

ቀጥተኛው፣ ስለ ሁለቱ ዓረፍተ ነገር ልክ ነህ። ነገ ማታ ተረኛ ነኝ፣ እሞክራለሁ።

ሌሊት_ያነጋሁ፦

አመሰግናለሁ ተረኛዋ። የእማዬን መድኃኒቶች ልጽፍ ቁጭ ብያለሁ። የግፊቷን ስሙን አታውቀውም፣ “ያቺ ነጯ” ነው የምትለው፣ ካርቶኑንም ጥላዋለች።

አስታማሚ_ቁጥር1፦

ፍሬዎቹ የታሸጉበት ላስቲክ ጀርባው ላይ ስሙና ሚሊግራሙ አለ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። “ያቺ ነጯ” ብለሽ ብቻ እንዳትሄጂ፣ ግማሹ መድኃኒት ነጭ ነው።