ስቶሩ ጌሙን «አይሆነንም» ብሎ መለሰው፤ ገዢው ማንን ይጠይቅ?

ማራኪ_ልጅ፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከጎንደር ነው የምጽፈው። ነገሩ ሰሞኑን ሲያንገበግበኝ ስለከረመ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ጌም በገንዘቤ መግዛት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም የከተማችን ልጅ ፍላሽ ይዤ ፒያሳ እወርድና ፊልም የሚጭኑት ሱቆች ጋ አስጭን ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ሰው ዓመታት የለፋበትን ነገር እንዲሁ መውሰድ ከበደኝ። መክፈሉም ቢሆን ለኛ ቀላል አይደለም። የኔ ካርድ ውጭ አገር አይሠራም። የምትገዛልኝ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ እዚህ የአክስቴን የስኳር መድኃኒት በየወሩ እየገዛሁ እንቻቻላለን። እና አንድ ጌም የምገዛው በጣም አስቤበት ነው።

የምፈልገው ያልተቆለፈውን ነው። ፋይሉን አንዴ አውርጄ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጥኩት፣ ኔት ኖረም አልኖረም የሚከፈተውን ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ይገባዋል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን ታስታውሳላችሁ። ያኔ አንድ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቁጭ ብለናል፣ መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑ 40 ፐርሰንት ቀርቶታል። ከፍዬ የገዛሁትን ጌም ስነካው «ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ያገናኙ» የሚል ሳጥን አወጣ። ወንድሜ «አልገዛኸውም እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ሃርድ ዲስኩን ሰክቼ ካልተቆለፉት አንዱን ከፈትኩለትና ባትሪው እስኪያልቅ ተጫወትን። ከዚያ ማታ ወዲህ የተቆለፈ ነገር ላይ ብር ማውጣት አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የሠሩት ትንሽ ጌም አለ። አንድ የባቡር ጣቢያ ጠባቂ ሌሊቱን ሙሉ ሀዲድ እያቀያየረ ባቡሮቹን በሰላም ያሳልፋል፣ በቃ ይኸው ነው። ሙከራውን ተጫውቼ ወደድኩት። ሠሪዎቹ እኔ ከምገዛበት ስቶር ጋር እየተነጋገርን ነው ብለው ነበርና አንድ ዓመት ጠበቅኩ። በመጨረሻ ስቶሩ መለሳቸው። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ ለምርጫችን አይሆንም። ምክንያት የለም። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ ገጹ ላይ ሥዕላቸው ብቻ የተለያየ፣ ጨዋታቸው ግን አንድ ዓይነት የሆኑ ጌሞች ተደርድረው አየሁ። ጻፍኩላቸው። «አስተያየትዎን እናመሰግናለን» የሚል ከማሽን የመጣ መልስ ደረሰኝ። የስቶሩን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገሬ ከአንድ ሱቅ ጋር አይደለም።

እነዚህ ሰዎች የሚሸጡትን የሚመርጡት በምንድን ነው? ልከፍል ገንዘቤን ይዤ የቆምኩት እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?

አዘዞ_ጌመር፦

ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ዝም ብሎ ሁሉን ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ስቲም ላይ፣ ትልቁ የኮምፒውተር ጌም ስቶር ላይ ማለቴ ነው፣ አይተናል።

ስቲም በፈረንጆቹ 2003 ሲከፈት የባለቤቱ ድርጅት የቫልቭ የራሱ ጌሞች ማደሻ ነበር። የሌሎችን ሥራ መሸጥ የጀመረው በ2005 ነው። ለብዙ ዓመት ምን ይግባ ምን ይቅር የሚሉት የድርጅቱ ሰዎች ነበሩ፤ ያኔም ልክ እንዳንተ «ለምን ተመለስን?» የሚል ሠሪ ሞልቶ ነበር። በ2012 ግሪንላይት የሚባል ነገር አመጡ። ተጫዋቹ ራሱ ድምፅ ይስጥና ብዙ ድምፅ ያገኘው ይገባል። ሲሉት ጥሩ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ግን «ድምፅ ስጠኝና ጌሙን በነፃ እሰጥሃለሁ» የሚሉ ሠሪዎች መጡ። በ2017 ዘጉትና ስቲም ዳይሬክት ብለው ቀየሩት። አሁን ለአንድ ጌም 100 ዶላር ትከፍላለህ፣ ወረቀትህን ታሟላለህ፣ ትገባለህ። ጌሙ 1,000 ዶላር ከሸጠ መቶዋ ትመለስልሃለች።

ውጤቱስ? በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ ጌም ገባ። ስታካፍለው በቀን ወደ 50 ገደማ ነው። ማን ነው ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ የሚያየው? የአንተ የባቡር ጣቢያ እዚያ ውስጥ ቢገባ ጭድ ውስጥ እንደወደቀች መርፌ ነው። ስለዚህ መራጭ ስቶር መኖሩን እኔ እደግፋለሁ። ጎግ በ2008 የተከፈተው ያረጁ ጌሞችን አድሶ፣ አዳዲስ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠሩ አድርጎ፣ ሳይቆልፍ ለመሸጥ ነው። ያ በራሱ ምርጫ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ከፍቶ አይቶታል ብለህ ትገዛለህ።

አንድ ነገር ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ። «አይሆንም» ካልክ ለምን እንደማይሆን ንገር። ያ ከባድ ሥራ አይደለም።

የጌም_ቤቱ፦

ልጆች፣ እኔ ቀበሌ 18 አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ሦስት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ጆተኒ። እናንተ የምታወሩትን እኔ በየቀኑ እኖረዋለሁ።

የኔ ማሽኖች 500 ጊጋ ናቸው። የእግር ኳሱ ጌም ብቻ ወደ 50 ጊጋ ይይዛል። ሌላ ሌላውን ስትጨምርበት አንዱ ማሽን ሰባት ወይ ስምንት ጌም ቢይዝ ነው። አዲስ ላስገባ ካልኩ አንዱን ማጥፋት አለብኝ፣ ያጠፋሁትን መልሼ ላውርድ ካልኩ ደግሞ ስንት ሌሊት ኔት ጥበቃ ነው። እና እኔም እመርጣለሁ። የምመርጠው የቤት ኪራዩን የሚከፍልልኝን ነው። ሱቁ የኔ ነው፣ ማንም በዚህ ሊወቅሰኝ አይገባም ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ልጅ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ይመስለኛል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ይቆምና «ጋሼ፣ ያ የዱላው ጌም መጣ?» ይለኛል። ሁልጊዜ «ቦታ የለም» እለዋለሁ። እውነቱ ግን ቦታ ስለጠፋ አልነበረም። ማንም አይጫወተውም፣ ብር አያመጣም ብዬ ነው። አንድ ቀን መጠየቁን ተወ፣ መምጣቱንም ተወ። በኋላ ጓደኞቹ አዘዞ ድረስ እየሄደ እንደሚጫወት ነገሩኝ። ታክሲ እየከፈለ ማለት ነው! ይህ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። ከዚያ አንድ ደብተር ገዝቼ እርሳስ በክር አሰርኩበትና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት፣ የምትፈልጉትን ጻፉ አልኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ልጅ ያንኑ ጌም ጽፎ አገኘሁ። አሥራ አንድ! እኔ ማንም አይፈልገውም ያልኩትን። አንዱን የመኪና ጌም አጥፍቼ አስገባሁት፣ አሁን ቅዳሜና እሑድ ወረፋ አለው።

ልጁ ግን ተመልሶ አልመጣም። እውነቱን ብነግረው ኖሮ «እኔ ጓደኞቼን አመጣለሁ» ይለኝ ነበር እኮ። ስለዚህ ማራኪ_ልጅ፣ ባለሱቅ የመምረጥ መብት አለው፣ ይህን አትርሳ። የከለከለበትን ምክንያት ሲደብቅ ግን ገዢውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ነው የሚጎዳው። እኔ ደርሶብኛል።

ሳሮን_ኮድ፦

ጋሼ የጻፉት ልቤን ነካኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እዚሁ ጎንደር ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ነው የጨረስኩት። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የገበጣ ጌም እየሠራን ስለሆነ ነገሩን በሠሪው በኩል ልንገራችሁ።

አዘዞ_ጌመር፣ 100 ዶላር ትንሽ በር ይመስልሃል። ብሩ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ ከመለቀቁ በፊት ያ መቶ ዶላር 5,700 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው። ለአውሮፓ ልጅ የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ለኛ ግን የወር ደመወዝ ነው። «ሁሉ ይገባል» የሚባለው በርም የሚመርጠው አለ ለማለት ነው፤ መለኪያው ገንዘብና የሚሠራ ካርድ ነው።

ስቶሮቹ የሚመርጡት በጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ከጀርባቸው ሌላ ሰው አለ። ሁለት ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንዱ ፍርሃት ነው። ዲቮሽን የሚባል የታይዋን አስፈሪ ጌም አለ። በፈረንጆቹ 2019 የቻይናን መሪ የሚያሾፍ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ተገኘበትና ሠሪዎቹ ከስቲም አነሱት። በ2020 መጨረሻ ጎግ ልንሸጠው ነው ብሎ አሳወቀ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ከተጫዋቾች ብዙ መልእክት ስለደረሰን ትተነዋል አለ። የደረሳቸው መልእክት ምን ይል እንደነበር አልተናገሩም። ሠሪዎቹ በ2021 በራሳቸው ገጽ ሳይቆልፉ መሸጥ ጀመሩ።

ሁለተኛው የክፍያ ድርጅት ነው። በሐምሌ 2025፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ካርድ የሚያንቀሳቅሱት ድርጅቶች በአዋቂዎች ጌም ላይ ጫና ሲያደርጉ ስቲም በርካታ ጌሞችን አወረደ፣ ኢች የሚባለው የትናንሽ ሠሪዎች ስቶር ደግሞ የአዋቂ ምልክት ያለባቸውን በሙሉ ከፍለጋ ሰወረ። ስለዚያ ዓይነት ጌም ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን፣ ነገሩ የማይመለከታቸው ሠሪዎች ሳይቀሩ ጠዋት ሲነሡ ሥራቸው ከፍለጋ ጠፍቶ አገኙት። ሱቁ ራሱ ሌላ በረኛ አለበት።

ለአንተ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለኝ። ኦፐስ ማግነም የሚባል የእንቆቅልሽ ጌም በ2017 ሲወጣ ጎግ የምርጫ መስፈርታችንን አላለፈም ብሎ መልሶት ነበር። ተቺዎቹ ያደነቁት፣ ገዢዎቹ የወደዱት ጌም ነው። ሰዉ ተነሣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳባቸውን ቀይረው መሸጥ ጀመሩ። ስለዚህ የአንድ ሰው ደብዳቤ ከማሽን መልስ ቢያመጣም፣ የብዙ ሰው ደብዳቤ ግን ይሰማል። የጋሼ ደብተር ማለት እሱ ነው።

ሰሜን_ንፋስ፦

ከሳሮን ላይ አንድ ልጨምር፣ የመብት ጉዳይ። አንዳንዱን ጌም ስቶሩ ቢፈልግም መሸጥ አይችልም። አለን ዌክ የሚባለው ጌም በፈረንጆቹ 2017 ከገበያ የወረደው ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ፈቃድ ስላለቀ ነው፣ በቀጣዩ ዓመት ፈቃዱ ሲታደስ ተመለሰ።

ከሁሉ የምወደው ግን የስቲቨን ኪክ ነገር ነው። ሰውየው መካከለኛው አሜሪካ እየተጓዘ ጓቴማላ ሳለ በልጅነቱ የወደደውን ሲስተም ሾክ 2 ሊጫወት ፈለገ፣ የትም የሚሸጠው የለም። ማን እንደያዘው ሲያጠያይቅ የጌሙ መብት የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ እጅ ላይ ተገኘ። ኢንሹራንስ! ጻፈላቸው፣ ተስማሙ፣ እና በ2013 ጌሙ ጎግ ላይ ወጣ። ከዚያ የተነሣው ናይትዳይቭ የሚባለው ድርጅት ዛሬም የተረሱ ጌሞችን ያድሳል። አንድ ገዢ ከሆስቴል ሆኖ የጻፈው ደብዳቤ ነው መነሻው። አንተም ለስቶሩ ብቻ አትጻፍ፣ ለሠሪዎቹ በቀጥታ ጻፍ። ሁለት ሰው ብቻ ናቸው ካልክ ራሳቸው ያነቡታል።

ማራኪ_ልጅ፦

እግዜር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰሜን_ንፋስ እንዳለው ማክሰኞ ማታ ለሠሪዎቹ ጻፍኩ። ከየት እንደምጽፍ፣ ኔት ለወራት ሲጠፋ ምን እንደሆነ፣ ወንድሜ «አልገዛኸውም እንዴ?» ያለኝን ጭምር ጻፍኩላቸው። ስቶሩ እንደመለሳቸው ማወቄን ሳልደብቅ፣ ጌሙን ሳይቆለፍ መግዛት የሚቻልበት ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩ። ትናንት ጠዋት ቁርስ ላይ እያለሁ መልስ መጣ። ረጅም ነው፣ ሁለቱም ስማቸውን ፈርመውበታል። ያልተቆለፈ ፋይሉን ኢች ላይ በ8 ዶላር ሊያወጡት መሆኑን ነገሩኝ፣ መጠኑም ከ600 ሜጋ አይበልጥም። ስቶሩም ምክንያት እንዳልነገራቸውና ለሁለተኛ ጊዜ ሊጠይቁ እንደሚፈልጉ፣ ደብዳቤዬን አያይዘው ቢልኩት ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ምንም ቅር አይለኝም አልኳቸው።

ሳሮን፣ የገበጣው ጌም ሲያልቅ እዚህ ንገሪን። ጋሼ፣ እኔም አንድ ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር እመጣለሁ፣ ደብተርዎ ላይ የምንጽፈው አለን። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ማታ ትገዛልኛለች። ሌሊት ላይ ኔቱ ፈጠን ስለሚል ለዘጠኝ ሰዓት አላርም ሞልቻለሁ።