የዕቅድ ውይይት፦ ከዓረብ አገር ለተመለሱ እህቶች የምናቀርበው ፕሮፖዛል

ጸሐፊ፦ ሰላም ሁላችሁም። ረቂቁ ደርሷል። በምክክሩ ላይ የትንፋሽና የአካል ልምምድ ይጨመር የሚል ነው። መነሻ ያደረግነው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የማስተዋል ሥልጠና ነው፤ ማለትም ትንፋሽንና ሰውነትን በጥሞና መከታተል። የጎደለውን ሙሉ፣ የበዛውን ቁረጡ።

ነርሷ፦ እኔ ደስ ብሎኛል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ተቀባዮቹ ውስጥ ነበርኩ። «ተጨንቄያለሁ» ያለችኝ የለችም ማለት ይቻላል። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ደረቴን ያፍነኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ነው የሚሉት። አንዷ አትረሳኝም። ስለ አሠሪዋ ስጠይቃት የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ደግሞ ትጠቀልላለች። አፏ ግን «ደህና ነኝ» ይላል። «ምን ደረሰብሽ?» ከማለታችን በፊት «አሁን የት ላይ ይሰማሻል?» ብንልስ?

አማካሪው፦ ሲስተር፣ ልክ ነሽ። ግን ረቂቁ ላይ «ዐይን ጨፍኖ 45 ደቂቃ ተኝቶ» የሚለው ይውጣልኝ። ተቆልፎባት ለኖረች ሴት ዐይን መጨፈን ያንኑ ክፍል ሊመልስባት ይችላል። ዐይኗ ይከፈት፣ በሩም ገርበብ ይበል። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬቱን ሲረግጥ ታስተውል፤ ለመጀመሪያ 3 ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሿን ማዳመጥ የሚያስደነግጣት ካለች ሲኒ ይዛ ሙቀቱን ትከተል። ሌላው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል ማስተዋልን ከንግግር ሕክምና ጋር ያጣመሩት ድብርት ለሚመላለስባቸው ሰዎች ብለው ነው። እንዳለ አንገልብጠው። ንግግሩም አይቅር። ሰውነቷ ረጋ ሲል ነገር ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ የሚሰማት ባለሙያ ከሌለ መንገድ ላይ ጣልናት ማለት ነው።

አስተባባሪዋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። አንድ ሰፈር «ሜዲቴሽን» የሚል ወረቀት ለጥፈን እናቶች «ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው ልጆቻቸውን አስቀሩብን። ጥፋቱ የኛው ነው። «ማስተዋል» ብቻ እንበለው። የምትጸልይ ትጸልይ፣ የምትሰግድ ትስገድ።

ነርሷ፦ ይሁን። ግን ደረቷን የሚወጋትን ሁሉ «ጭንቀት ነው» ብለን እንዳናልፍ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይ። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ያላት ደግሞ ልምምዱን ሳትጠብቅ ያኑ ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም። ይሄ ገጽ 1 ላይ ይግባ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። በጀቱ ላይ ምንጣፉን በወንበር ቀይሬዋለሁ፣ ቡናም ጨምሬያለሁ። ለጋሹ «ቡና ለምን?» ካለ ሲስተር ታስረዳልናለች። የተስተካከለውን ማታ እልካለሁ።