ሦስት እሁድ ሐዋሳ ሐይቅ ወጥቼ አንድ አሳ አልያዝኩም፤ የት ጋ ነው ጥፋቴ?

ጀማሪው አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አሳ ማጥመድ ካላስተማርከኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እኔም በሕይወቴ መንጠቆ ይዤ አላውቅም ነበር። ረዘም ያለ ቀርከሃ አስቆረጥኩ። ክርና መንጠቆ ገዛሁ። ጥሬ ሥጋ ከትፌ ሦስት እሁድ ተከታትለን ወጣን። አንድም አልያዝንም።

ግራ የገባኝ ነገር ምግቡ ይበላል። ክሩ ነዘር ነዘር ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ስስበው መንጠቆው ባዶውን ይወጣል። አጠገባችን ያሉት የሰፈሩ ልጆች ግን በተራ ዱላ እያወጡ ይደረድራሉ። ባለፈው እሁድ ልጄ «አባዬ፣ እኛን ለምንድን ነው የማይመጡልን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የምንወጣው ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ነው። መንጠቆው የጣቴን ግማሽ ያክላል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

የአሞራ ገደል ልጅ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ሐዋሳ በደህና መጣህ። ያደግኩት እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። አጎቴ በመረብ አስግሮ ነው ቤተሰቡን ያስተዳደረው። እኔን ግን መጀመሪያ ያስያዘኝ መንጠቆ ነበር። «መረብ ጉልበት ነው፣ መንጠቆ ግን አሳውን ያሳውቅሃል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርህ።

ጥፋቱ ካንተ ሳይሆን ከመንጠቆው ነው። ነዘር አድርጎ ምግብህን የሚጨርሰው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት አሳ) ነው። ቆሮሶ አፉ ጠባብ ነው፣ እንደ አፈ ሰፊው አሳ እንደ አምባዛ ጎምዶ አይውጥም። ጫፍ ጫፉን እየለቀመ ይበላና ይሄዳል። የጣት ግማሽ የሚያክል መንጠቆ አፉ ውስጥ አይገባም። ስትገዛ ልብ በል፣ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል። 8 ወይም 10 ቁጥር ፈልግ። የትንሿን ጣትህን ጥፍር ቢያክል በቂ ነው።

ሥጋውን ለአምባዛ ተወው። ቆሮሶ በብዛት የሚኖረው ውሃውን አረንጓዴ በሚያደርገው ደቃቅ ነገር ላይ ነው፤ ሥጋ ፍለጋ አይዞርም። ትል ግን አያልፍም። የቦኖ ውሃ የሚፈስበትን እርጥብ አፈር ቆፍር፣ ከነአፈሩ ቆርቆሮ ውስጥ አድርገህ ጥላ ላይ አስቀምጠው። ትል ካጣህ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውሃ ጠንከር አድርገህ እሸው። እጅህ ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል። መንጠቆው ላይ የምታደርገው ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ። ትልቅ ካደረግከው እየዞረ ይበላልሃል፣ መንጠቆው ጋ ሳይደርስ ይጠግባል።

ስለ ተንሳፋፊ ምንም አላልክም፤ ያለሱ እያጠመድክ ከሆነ በጨለማ ውስጥ ነህ ማለት ነው። መግዛት አያስፈልግህም። ካረጀ ነጠላ ጫማ የአውራ ጣትህን ጫፍ የምታክል ቁራጭ አውጣ፣ በምላጭ ሰንጥቀህ ክሩን መሐሉ አስገባ። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ትንሽ እርሳስ ቆንጥጥበት፣ ከሌለ ደቃቅ ዳዶ እሰር። ክብደቱን የምታውቀው በዓይንህ ነው። ተንሳፋፊው ውሃው ላይ ጋደም ካለ ክብደቱ አንሷል፣ ከሰጠመ በዝቷል። አናቱ ብቻ ብቅ ብሎ ሲቆም ልክ ነው። መጀመሪያ ከመንጠቆው አንድ ክንድ ራቅ አድርገው። ሩብ ሰዓት ምንም ካልነካው ግማሽ ክንድ ጨምር። እኛ ሐይቅ ዳር ያደግነው ልጆች ቦታ ከመቀየራችን በፊት ጥልቀት ነው የምንቀይረው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አሰሳቡ። ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ እጅህን አታንቀሳቅስ። እየቀመሰ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ገና ሲነዝር ይጎትታል። ጠብቅ። ወይ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል፣ ወይ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ያኔ አንጓህን ብቻ ቀና አድርግ። ክንድህን አይደለም። አጎቴ ይህን ሲያስተምረኝ ከኋላዬ ተቀምጦ እጄን በእጁ ይዞ ነበር። ስጣደፍ ይጨብጠኛል፣ ጊዜው ሲደርስ ይለቀኛል። አንድ ጠዋት ሙሉ እንዲሁ ዋልን። አንተም ልጅህን እንዲሁ አድርገው።

ቋጠሮህም ይፈታ ይሆናል፣ የናይሎን ክር ያንሸራትታል። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፍ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ስድስቴ ጠምዝዝ፣ ከዚያ መልሰህ ቀዳዳው አጠገብ በቀረችው ክፍተት አስገባ። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው። በደረቁ ከሳብከው ክሩ ይግላል፣ ይሳሳል፣ ደህና አሳ ሲመጣ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

4 ሰዓት ረፍዷል። ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ውጣ። ፀሐይ ስትበረታ ከዳር ይርቃል። ፊላና ቄጤማው ከሚያልቅበት ጠርዝ አጠገብ ጣል። ጥላህ ውሃው ላይ እንዳያርፍ፣ ልጁም መሬቱን እንዳይደበድብ ንገረው። እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ብልሃርዚያ አለ። ሲመሽ ደግሞ ከፊላው ራቁ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ በእሱና በውሃው መሐል መገኘት የለባችሁም።

ስትይዘው የጀርባው እሾህ እንዳይወጋህ እጅህን ከጭንቅላቱ ጀምረህ ወደ ጅራቱ አንሸራት። እሾሁ ይተኛልሃል። ለልጁ ይህንን ሳታሳየው አታስይዘው።

ከጣና ዳር፦

ወንድማችን ሁሉንም ብሎታል። እኔ የምጨምረው ከባሕር ዳር ሆነው ለሚያነቡ ነው። ጣና ላይ ከቆሮሶው ሌላ ነጭ አሳ አለ። ጉልበተኛ ነው፣ ክራችሁን ወፈር አድርጉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ ከሚጠመደው አሳ ብዙው ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ነው። እባካችሁ፣ መንጠቆም ቢሆን በዚያን ሰሞን ወንዝ አፍ ላይ አትጣሉ። አባቴ በታንኳ ሲያወጣው የነበረውን ያህል ትልልቅ ነጭ አሳ እኔ አላየሁም፤ ይህን የምጽፈው ልቤ እያዘነ ነው።

ባቱ ያደግኩ፦

እኔ ደግሞ ከተያዘ በኋላ ስላለው ልናገር፣ እናቴ አሳ ሻጭ ነበረች። የያዛችሁትን ፌስታል ውስጥ አፍናችሁ ፀሐይ ላይ አታቆዩ። ወዲያው ሆዱን ክፈቱ፣ ስንጥቡን አውጡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አድርጉ። ቅርፊቱ በማንኪያ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ሲፋቅ ቶሎ ይለቃል። ጎንና ጎኑን በቢላ ሸርተፍ ሸርተፍ አድርጉና ጨውና ሎሚ አስገቡበት፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል ጣሉት። ዳጣ ካለ ሌላ አያስፈልገውም። ሐዋሳ ጥሬውን መብላት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፣ ለልጅ ግን በስሎ ይሻለዋል። አምባዛ ከያዛችሁ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙ ናቸው።

ጀማሪው አባት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ዛሬ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። 10 ቁጥር መንጠቆ፣ ትል፣ ከልጄ አሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ተንሳፋፊ። አንድ ክንድ ላይ ምንም አልነካውም። አንድ ክንድ ተኩል አደረግኩት። ልጄ ከፊቴ ተቀምጦ እጁን ይዤዋለሁ። ነዘረ። ያዝኩት። ደግሞ ነዘረ። ከዚያ ተንሳፋፊው ወደ ፊላው መንሸራተት ሲጀምር ለቀቅኩት። አንጓውን ቀና አደረገ፣ ቀርከሃው ጎበጠ። ልጁ ያወጣውን ጩኸት አልረሳውም። መዳፌን የምታክል ቆሮሶ ነበረች። አራት ያዝን።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ግን አለ። ሦስተኛዋን መንጠቆ ሳወጣላት ከአፏ ቢጫ ፍሬ የመሰሉ ነገሮች እጄ ላይ ፈሰሱ። በሽታ ነው እንዴ? ልጄ አለቀሰ፣ እኔም ፈርቼ መልሼ ውሃ ውስጥ ለቀቅኳት።

የአሞራ ገደል ልጅ፦

ልጁን እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ። በሽታ አይደለም፣ እንቁላሏ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያን ሰሞን እምብዛም አትበላም፣ አንዳንዴ ግን ትነክሳለች። መልሰህ መልቀቅህ ልክ ነው። የፈሰሰው አይመለስም፣ አፏ ውስጥ የቀረው ግን ሊተርፍ ይችላል። ሌላ ጊዜ እጅህን አርጥበህ ያዛት፣ መንጠቆውን እዚያው ውሃው አፋፍ ላይ አውጣላት።

አጠገቡ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ አሸዋው እንደ ሳህን ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ አይተሃል? ወንዶቹ ለእንቁላል መጣያ የሚቆፍሩት ነው። ካየህ ሠላሳ አርባ እርምጃ ራቅ በል። በሚቀጥለው እሁድ እኔም 12 ሰዓት ላይ እዚያው እሆናለሁ። ለልጁ አጠር ያለች የሸምበቆ ዘንግ አለችኝ፣ አጎቴ ለእኔ የሠራልኝ ናት፤ ይዤለት እመጣለሁ።