ለከባድ ተጎታች የፎርድ ፒክአፕ ኤፍ 150 ይበቃኛል ወይስ ኤፍ 250 ልግዛ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል፤ ምከሩኝ። የምኖረው ዴንቨር ነው። የምግብ መሸጫ ተጎታቼ ዕቃው ሲሞላ 9,000 ፓውንድ ይመዝናል። በአይ-70 አውራ ጎዳና፣ ተራራው ላይ ያለውን የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፌ ልወስደው ነው።

ያየሁት ኤፍ 150 ከ11,000 ፓውንድ በላይ ይጎትታል ተብሏል። የሾፌሩ በር ላይ ያለው ተለጣፊ ግን የመሸከም አቅሙን 1,600 ብቻ ያደርገዋል። ከተጎታች ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መኪናው ላይ ነው የሚያርፈው። ያ ብቻውን እስከ 1,350 ይደርሳል! እኔ፣ ባለቤቴና ጄኔሬተሩ ስንጨመርበት አለቀ።

ኤፍ 250 ይችለዋል፤ ዋጋውና ነዳጁ ግን ከበደኝ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱና ፍሬኑ ነው፤ ባለቤቴ አጠገቤ ናት።

በዚህ መንገድ የጎተታችሁ፣ ክብደት የሚያከፋፍል መጎተቻ ብገጥም ኤፍ 150 ያዋጣኛል? ኤፍ 250 ካላችሁኝ ደግሞ ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን?