የሀውስ ኦፍ ዘ ድራገን ተከታታይ ድራማ ሲዝን 1 ማለቂያው፦ ኤመንድ አውቆ ነው ወይስ አምልጦት? (ስፖይለር አለው)

ጥያቄ፦ 10ኛውን ክፍል አሁን ጨረስኩት፣ በቃ ዛሬ እንቅልፍ የለም። የሬኔራ ልጅ ሉክ በዛ ዝናብ ትንሹን ድራገኑን አራክስን ይዞ ሲሸሽ ከበላዩ የኤመንድ ግዙፍ ድራገን የቬጋር ጥላ ሲያልፍ ልቤ ቀጥ ነው ያለው። ድራማው የተሠራበትን መጽሐፍ ያነበባችሁ ግን፣ እዛ ላይ ኤመንድ ሆን ብሎ ነው አይደል ሉክን የገደለው? ድራማው ላይ ለምን አለሳለሱት?

መልስ፦ አዎ እዛ አሳዶ ነው የገደለው። ግን መጽሐፉ እንደ ዜና መዋዕል ነገር ነው የተጻፈው፣ ጸሐፊዎቹ ሰማይ ላይ አብረው አልነበሩም እኮ 😂 ስለዚህ ሁለቱም ያስኬዳል

መልስ፦ እኔ አልተዋጠልኝም። ለሉክ ቢላ ወርውሮ ዓይንህን አውጣ ያለ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ "ኖ ቬጋር" እያለ ሲለማመጥ ምን ልበል፣ ምርጥ ቪለን ነበረን አበላሹት

መልስ፦ ኧረ ተው ቀድሞ እሳት የተፋው አራክስ ነው፣ እሱም ሉክን አልሰማ አለ። ሁለቱም ልጆች ናቸው፣ የተቀመጡበትን አውሬ ማዘዝ አይችሉም፣ ጦርነቱ የተነሳው በዚህ መሆኑ እኮ ነው የሚያመው። ከዛ በኋላ የኤመንድን ፊት እዩት፣ በጠፋው ዓይኑ ቦታ ከተሰካው ሳፋየር (ሰማያዊ ዕንቁ) በላይ ያ ድንጋጤው ነው ያስፈራኝ

ጠያቂ፦ እሺ አሳመንከኝ፣ ሬኔራ ዞር ብላ ስታይ ግን አለቀላቸው ነው ያልኩት